ከግራ ዓይን ጀርባ

ከሌሊት ሥራ የገባ ሰው እንቅልፍን የሚለምነው ዓለም ሁሉ ፊቱን ታጥቦ ከቤቱ በሚወጣበት ሰዓት ነው። እሱም ይኸው መጋረጃውን ስቦ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ጀርባውን አልጋው ላይ ጥሎ እየለመነ ነው፤ እንቅልፍ ግን ዛሬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎታል፣ ከፍ ማድረጉን ደግሞ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ እየተመለሰ ጢው ጢው ባለ ቁጥር ስልኩ የጠራ እየመሰለው ይደነግጣል። «ልክ እንደጨረስን እደውላለሁ፣ አንተ አርፈህ ተኛ» ብላዋለች ታናሽ እህቱ። አርፈህ ተኛ! ዛሬ እህቱ አክስታቸውን፣ የአባታቸውን እህት፣ ሐኪም ቤት ይዛት ሄዳለች፤ እናታቸውም አብራ ሄዳለች፤ ውሰዷት እያለ የወተወተው ደግሞ እሱ ነው። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ አይከብድም፣ የሚከብደው ነገሩ ሲበላሽ ከሩቅ ሆኖ መስማት ነው። ባለፈው ሳምንት ወስደዋት አልሆነም። ዛሬም ባይሆን፣ ዛሬም «ምንም የላትም፣ ወደ ቤት ውሰዷት» ተብላ ብትመለስ፣ ጓዳዋ ትገባለች፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስወጣትም። በስልክ ነግራዋለች፦ «አንዴ ሄጄልሃለሁ፣ የወንድሜ ልጅ። ሁለተኛም እሄድልሃለሁ። ሦስተኛ ግን የለም። ሰው እያየኝ መታመም ሰልችቶኛል።»

እሱን ራሱን የያዘውን ሕመም ራስ ምታት ይሉታል። ስሙ ነው ያጠፋው። ራስ ምታት ሲባል ሰው ሁሉ የራሱን ያስታውሳል፣ እንቅልፍ ያጣበትን ቀን፣ ፀሐይ የመታውን ቀን ያስታውስና «አይዞህ፣ እኔንም አንዳንዴ ያመኛል፣ ውሃ ጠጣበት» ይላል። ይሄ ግን ሌላ ነው። ይሄ ከግራ ዓይኑ ጀርባ ይነሳል፣ መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ከዚያ እንደ ፍም፣ ከዚያ አንድ ሰው በጋለ ሽቦ ዓይኑን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ይመስል፤ ያው ዓይን ብቻ ያነባል፣ ያው አፍንጫ ብቻ ይደፈናል፣ የዓይኑ ቆብ ይወድቃል፣ ቀኝ ፊቱ ግን ነገሩ እንዳልነካው ጎረቤት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌላ የታመመ ሰው ይተኛል፤ ይሄ ሕመም መተኛትን አይፈቅድም፣ መቀመጥንም አይፈቅድም፣ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ያመላልሰዋል፣ ግንባሩን ግድግዳ ያስደግፈዋል፣ ቀጥሎ ግድግዳውን በግንባሩ ያስመታዋል። ሰዓቱን ደግሞ ያውቃል። እንቅልፍ ሲጥም፣ ልክ ሰውነት ሲለቅ ይመጣል፣ ለዚህ ነው እንቅልፍን እየለመነ እንቅልፍን የሚፈራው። ለሳምንታት በየቀኑ ይመላለስና አንድ ቀን ሳይሰናበት ይሄዳል፣ ወራት ያልፋሉ፣ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ይዝናናል፣ ከዚያ ያ ወቅት ሲመለስ እሱም ተመልሶ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢ እንኳ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም።

የሚሠራው ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ነው። የሆቴልና የሐኪም ቤት አንሶላ በጋሪ ተቆልሎ ይገባል፣ ታጥቦ ተተኩሶ ታጥፎ ይወጣል፣ ሰውም እንደ አንሶላው በእንፋሎት ውስጥ ገብቶ ይወጣል። እሱ መተኮሻው ላይ ነው፤ የእርጥቡን አንሶላ ሁለት ጫፎች ይዞ፣ ዘርግቶ፣ ለሚሽከረከረው የጋለ ብረት ያጎርሳል፤ እጁ ሥራውን ያውቀዋል፣ ሐሳቡ ከእጁ ጋር መሆን የለበትም፣ ሐሳቡ እናቱ ዘንድ ሊሄድ ይችላል። ሕመሙ መጀመሪያ በመጣበት ወቅት ለማንም አልተናገረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ያውቀዋል፣ ግን ሰው አገር ሆነው ሲታመሙ በሽታው በሽታ ብቻ አይደለም፣ ሥራም ነው፣ መኖሪያ ፈቃድም ነው። ሲነሳበት እጁን ያነሳል፣ መጸዳጃ ቤት ነኝ ይላል፣ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ጀርባ ሄዶ ግንባሩን ቀዝቃዛው የውሃ ቧንቧ ላይ ይለጥፋል። እዚያ ነው አለቃው ያገኘው። አለቃው ጥቂት ተናጋሪ፣ ወፍራም፣ የአሮጌ ወታደር አረማመድ ያለው ሰው ነው፤ ከበላዩ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው፣ አንድ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ቆቡ ወርዶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ወዲያና ወዲህ ሲንቆራጠጥ አየው።

«ጠጥተሃል?» አለው።

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ይሄ ዓይን ምንድን ነው?»

«ራስ ምታት ነው።»

«ራሱን ያመመው ሰው እንደዚህ አይንቆራጠጥም» አለ አለቃው፣ ሳይቆጣ። «ራሱን ያመመው ሰው ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። ሚስቴን አውቃታለሁ። ሐኪም ጋ ሂድ። ሐኪም አይቶህ ካልመጣህ ማሽኑ ላይ አላቆምህም፣ እጅህን ይበላዋል።»

ያኔ ጠላው። እስከ ቤቱ ድረስ በእግሩ እየሄደ፣ ነፋሱ ግራ ዓይኑን እያስለቀሰው፣ ጠላው። አሁን ሲያስበው ከእናቱ ቀጥሎ ውለታ የዋለለት ያ ሰው ነው፤ ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም።

ለእናቱም ቢሆን አልተናገረም ነበር። ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ» ይላል፣ እሷ ግን የልጇን ድምፅ ከአፉ ሳይሆን ከአፍንጫው ነው የምትሰማው፣ «አፍንጫህ ተደፍኗል» ትለዋለች፣ ጉንፋን ነው ይላል፣ «በዚህኛው ሳምንትም ጉንፋን፣ በዚያኛውም ጉንፋን፣ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው ከሰው ቤት የማይወጣ?» ትላለች፣ በመጨረሻ ራሴን ትንሽ ያመኛል ብሎ አመነ። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት በየቀኑ ይወርድ ጀመር። ዝንጅብል ቀጥቅጠህ አፍላና ጠጣ። እግርህን በሙቅ ውሃ ንከር፣ ደሙ ወደታች ይወርድልሃል። ነጭ ሽንኩርት። ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥረህ አሽት። ግንባርህን በመቀነት ጥፍር አድርገህ እሰር። ሁሉንም አደረገ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። በስልኩ ያነበበውንም ጨመረበት፤ በርበሬ በውሃ በጥብጦ በአፍንጫው ጠብ አደረገ፣ ያን ቀን የጋራውን ወጥ ቤት ዞሮ ዞሮ የጨረሰው እሱ ብቻ አይደለም፣ ተከራዮቹ በሙሉ ሲያስነጥሱ ዋሉ። ዝንጅብሉ ግን ደግ ነገር ነበር። አያሽለውም፣ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንፋሎቱን ሲምግ እናቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የምታየው ይመስለዋል።

ሐኪሙ ሽበት የጀመረው፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነበር። በየትኛው ዓይን? ሁልጊዜ በዚያው? ታለቅሳለህ ወይስ ዓይንህ ነው የሚያለቅሰው? ይሄን ጥያቄ ሲሰማ ቀና ብሎ ሐኪሙን አየው፣ ምክንያቱም ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው እስከዚያ ቀን አላገኘም። «ዓይኔ ነው» አለ። ሐኪሙ ክላስተር የሚባል ራስ ምታት እንደሆነ ነገረው፣ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግቶ ስለሚመጣ ነው እንዲህ የሚሉት አለ፣ አይገድልም አለ፣ ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም፣ ግን መያዝ ይቻላል፣ እንደ ፈረስ ልጓም ይገባለታል። ሕመሙ በሚመላለስበት ወቅት በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል አዘዘለት፣ እንክብሉ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ በየጊዜው ልቡን በማሽን እያየ፤ ሲነሳበት ደግሞ ጭኑ ላይ የሚወጋት መርፌ፣ ከሁሉ በላይ ግን የኦክስጅን ሲሊንደር። «አንድ ጠብታም አልኮል እንዳትነካ» አለው፣ «በዚህ ወቅት ከጠጣህ ራስህ ነህ የጠራኸው።» ከዚያ፣ ሊወጣ ሲል፣ «ከቤተሰብህ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው። «የለም» አለ። ዓይኑን ሳያሽ፣ ሳያስብ፣ የለም አለ። እውነት መስሎት ነው።

በእርግጥ እንክብሉን ወዲያው አልታመነውም። ሆዱን አደረቀው፣ ደረጃ ሲወጣ ልቡ እንደ ደከመ በሬ ወደኋላ የሚቀር መሰለው። እናቱ ደግሞ በመንገደኛ እጅ አንድ ሥር ልካለች፣ ደርቆ የተጠቀለለ፣ ሽታው እስከ መንገድ የሚሰማ። ወይ እንክብል ወይ ሥር አለና እንክብሉን ትቶ ሥሩን እያፈላ ጠጣ፤ ጥቂት ቀን ደህና ነበር፣ ከዚያ ሥራ ላይ፣ አንሶላውን እንደያዘ፣ እንደዚያ ተነስቶበት በማያውቅ ኃይል ተነሳበት፣ አለቃው ራሱ በመኪናው ወደ ቤቱ ወሰደው፣ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ከፍቶለት፣ አንድ ቃል ሳይናገር። ሐኪሙም ሲሰማ አልተቆጣውም። «ዝንጅብሉን ጠጣ፣ እግርህንም ንከር፣ ቀዝቃዛ አየር ከተስማማህ ውጣና ተንፍስ» አለው። «እነዚህ መድኃኒቱን አይጣሉትም። ሥሩን ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱን የላከችልህም ሰው እንክብሉን አታውቀውም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን አንድ ክፍል አታስተኛ።» በነጋታው ሥሩን ለእናቱ ሳይነግራት መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። መጣል አልሆነለትም። እንክብሉን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላጓደለም።

ሲሊንደሩን አንድ ሠራተኛ በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። አከራይዋ ሴትዮ እንደ ቦምብ አየችው፣ ማጨስ ክልክል ነው የሚል ወረቀት በሦስት ቦታ ለጠፈች፣ እሱ ራሱ ለሁለት ቀን ከሩቅ ነበር የሚያየው። በሦስተኛው ቀን ሲነሳበት ጭንብሉን ፊቱ ላይ አስሮ፣ መክፈቻውን እንደተነገረው አዙሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተጎንብሶ ሳበ። ምንም። ሳበ። ምንም። ከዚያ ከዓይኑ ጀርባ ያለው እጅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላላ ጀመር፣ ፍሙ ሲከስም ተሰማው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ተመልሶ ክፍል ሆነ፣ ጠረጴዛው ጠረጴዛ፣ ጫማው ጫማ። እንደ ሕፃን ሳቀ። ወዲያው እናቱ ጋ ደወለ፤ ደስታውን የሚነግረው ሌላ ሰው የለውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሁሉንም ነገራት፣ ዓይኑን፣ እንባውን፣ ግድግዳውን፣ አሁን የተገላገለበትን። እናቱ አላቋረጠችውም። እሷ ደግሞ ሳታቋርጥ የምትሰማ ሴት አይደለችም። በመጨረሻ «እንባው ከአንዱ ዓይን ብቻ ነው የሚወርደው?» አለችው።

«ከአንዱ ብቻ።»

«አፍንጫህም በዚያው በኩል ነው የሚደፈነው?»

«በዚያው በኩል፣ እማዬ። ምነው?»

«ቁጭ በል ቢሉህ አትችልም።»

«አልችልም።»

የስልኩ መስመር የተቆረጠ መስሎት ሄሎ ሄሎ አለ። «እዚሁ ነኝ» አለች እናቱ። «የአክስትህ ነው ልጄ። የአክስትህ ሕመም ነው የያዘህ።»

አክስቱ። እንዴት ረሳት? አልረሳትም፣ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጣት። ሕፃን ሆኖ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ጓዳ የእሷ ነው። አብዛኛውን ዓመት ከእሷ የበለጠ ሳቂታ ሰው በቤቱ የለም፤ የእህቱን ፀጉር እየጎነጎነች የሰፈሩን ሰው ሁሉ አነጋገር ትቀዳለች፣ አባቱ እንኳ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። ከዚያ ያ ወቅት ይመጣል። ንጋት ላይ አንድ ድምፅ ይሰማል፣ በሩ ይበረገዳል፣ አክስቱ ፀጉሯን በትና፣ አፏን ከፍታ፣ በባዶ እግሯ ግቢውን ትሮጣለች፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ያያታል፣ ለክፏት ነው ይላል አንዱ፣ አብዳ ነው ይላል ሌላው፣ ሊያገባት የነበረውም ሰው ያንን ሰምቶ እንደቀረ ይወራል። አንድ ቀን ዋናው መንገድ ድረስ ሮጣ መኪና ለጥቂት ሳታት፤ አባቱ ከዚያ ቀን በኋላ ሲነሳባት ከውጭ ይቆለፍባት አለ፤ ለክፋት አይደለም፣ እህቱን መኪና እንዳይበላበት ነው። ቁልፉን የያዘችው እናቱ ናት። አባቱ ሲሞትም ማንም ሌላ አልተረከበም፣ እናቱ ናት የባሏን እህት አጥባ፣ አብልታ፣ ቆልፋ፣ ከፍታ የኖረችው፣ «ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ሆነን ኖርን» ትላለች አንዳንዴ ሲከፋት፣ ራሷንና አክስቱን ማለቷ ነው። ልጆቹ በተዘጋው በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው እርምጃዋን ይሰማሉ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ስም አወጡላት፣ ዙሪት አሏት። እሱም ዙሪት ይላታል። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ከበር ወደ መስኮት ይዞራል።

«አገናኚኝ» አለ እናቱን። አክስቱ ስልክ አትወድም፣ እንደሚነክስ ነገር ከጆሮዋ አርቃ ነው የምትይዘው፣ ስለዚህ እህቱ ድምፁን ለሁሉም ከፍታው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነህ የለም።

«ዓይንህን ከውስጥ የሚገፋው ሰው አለ?» አለችው አክስቱ።

«አለ እትዬ።»

«በግራ?»

«በግራ።»

«እኔን በቀኝ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ሳቀች፣ ያችኑ ፀጉር እየጎነጎነች የምትስቀውን ሳቅ። «ተካፈልነው ማለት ነው።» ስም እንዳለው ነገራት። በዓለም ላይ ብዙ ሰው እንዳለበት፣ ሐኪሙ ገና ሲነግረው እንዳወቀው፣ እብደት እንዳልሆነ ነገራት። «እብደት አይደለም?» አለች። አይደለም አላት። «እስቲ ድገመው» አለች፣ ደገመው። «አባትህ ይሄን ሳይሰማ ሞተ» አለች። ከዚያ እሱ ስለ እንክብሉ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ሲሊንደሩ ሲያወራ አቋረጠችው። «እኔን ምን ያሽለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ውጪ መውጣት። የንጋት አየር ቀዝቃዛ ነው፣ አፌን ከፍቼ እየሮጥኩ ስውጠው ያላላልኝ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ትንሽ። ለዚያች ትንሽ ነበር የምሮጠው።»

ማንም አልተናገረም። ስልኩ ለሁሉም የተከፈተ ነበር፤ እናቱ እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ነበረች፣ መቀመጫዋ ሲንቀሳቀስ፣ ተነስታ ስትሄድ ሰማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ በስልክ መድኃኒት ማዘዝ ትታለች። «ደህና ነህ?» ትለዋለች፣ «ደህና ነኝ» ይላታል፣ ስልኩን ለእህቱ ትሰጣታለች። እሱም ይሄን ነገር ምን አስነሳኝ ይላል፣ አንዷን አድናለሁ ብሎ ሌላዋን እንዳያጣ ይፈራል፣ ጋሪ እየገፋ፣ አንሶላ እየዘረጋ፣ እናቱን የሚያጽናናበት ቃል ይፈልጋል፣ አላወቅሽም ነበር ሊላት ይችላል፣ ማንም አላወቀም ሊላት ይችላል፣ ይሄን ሁሉ እሷ ራሷ ብላው ሳይበቃት እንደቀረ ግን ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሲደርሱ ሕመሙ የለም፤ ተረኛው ሐኪም ምላሷን አየ፣ ግፊቷን ለካ፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው እህቱ ስለ ኦክስጅን ስታነሳ ፈገግ አለ። «ኦክስጅን ለመተንፈስ ላቃተው ነው» አላት፣ «ለራስ ምታት አይሰጥም።» የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ተነሳባት፤ ሰው ሞልቶ፣ መቆም የማይቻልበት ቦታ፣ ሻሿ ወድቆ፣ ራሷን በመስኮቱ ብረት እየመታች፣ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ስባ «አውርዱልን» አለች። አወረዷቸው። እህቱ ግን እሺ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለችም፣ የጀመረችውን ስፌት ሳትጨርስ ክር አትበጥስም፤ ጠይቃ ጠይቃ ሌላ ሐኪም ቤት አንድ የነርቭ ሐኪም አገኘች፣ ሐኪሙም ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትጀምርለት ቀሪውን እሱ ጨረሰላት። «የሚነሳባትን ሰዓት ታውቁታላችሁ?» አለ። እናውቃለን። «እንግዲያው ከሰዓቱ በፊት አምጡልኝ። እዚህ ይነሳባት።»

ያ ሰዓት አሁን ነው። እዚያ ነግቷል፣ እዚህም መጋረጃው ጠርዝ ላይ ያለው ብርሃን ወፍሯል። ስልኩ ዝም ብሏል። ዓይኑን ለአፍታ ይጨፍናል፣ ለአፍታ ብቻ፣ እናቱ አንሶላ በሚተኩሰው ማሽን በኩል ከወዲያ ማዶ ቆማ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እማዬ እጅሽን ይላል፣ ይነቃል፣ መጥቷል። ጥላው ከግራ ዓይኑ ጀርባ። ተነሳ፣ ጭንብሉን አጠለቀ፣ መክፈቻውን አዞረ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተጎንብሶ መሳብ ጀመረ፣ እየሳበም እዚያ ያለችውን ያስባል፣ እሷንም አሁን ይዟት ይሆናል፣ አልጋ ላይ ተኚ ብለዋት ይሆናል፣ አትችልም፣ አትችልም በሏቸው፣ ቆማ ተዋት፣ ይላል በልቡ፣ ፍሙ ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ መክሰም ይጀምራል። ሲተነፍስ ፊቱ ላይ ያለው ፕላስቲክ ጉም ይለብሳል፣ ይገለጣል። ስልኩ ጠራ።

«ተነሳባት» አለች እህቱ። ታለቅሳለች ወይስ ትስቃለች አለየለትም። «ሐኪሙ ፊት ለፊት። ነርሷ ልታስተኛት ስትል እሱ ተያት፣ ቆማ ትሳብ አለ። ጭንብሉን ሳስርላት በክርኗ መታችኝ፣ ከንፈሬ አብጧል።»

«ከዚያስ?» አለ። ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶታል፣ መዝጋቱን ረስቷል።

«ከዚያ መዞሯን አቆመች።»

«ከዚያ?»

«ቁጭ አለች። በቃ፣ ቁጭ አለች። እኔ ከተወለድኩ በዚያ ሰዓት ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። እንካ፣ አናግራት።»

መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነው፣ ረጅም፣ የማይቸኩል። «ያ የሚፏጨው ምንድን ነው?» አለች አክስቱ። የእሱ ሲሊንደር ነው። ይቅርታ ረስቼ ነው አላትና ዘጋው። ደስ ብሏት ይሆናል፣ ትመርቀው ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ለዚህ ምርቃት ሳይሆን አይቀርም እንቅልፍ አጥቶ ስልኩን የጠበቀው፣ ያፍርበታል እንጂ።

«አየር ነው እኮ» አለችው።

«አዎ እትዬ።»

«ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ሌላ ነገር አልጨመሩበትም?»

«አልጨመሩበትም። ጥርት ያለ ኦክስጅን ነው፣ አየር ውስጥ ያለው ራሱ።»

ከኋላዋ የጋሪ ጎማ፣ የሰው እግር፣ የሐኪም ቤት ድምፅ ይሰማል፤ እሱ የሚያጥባቸው ዓይነት አንሶላዎች እዚያም በጋሪ እየተገፉ ይሆናል። «ከልጅነቴ ጀምሮ» አለች በመጨረሻ፣ «የጎደለኝ አየር ነበር?» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ምርቃትም የለም። አንድ ሰው ቤቱን ሙሉ ሲፈልግ ኖሮ የፈለገውን በእጁ ይዞት ሲያገኘው የሚሆነውን ሆና ነው የጠየቀችው። አዎ ቢላት ዕድሜዋን ሊቆጥርባት ነው፣ አይደለም ቢላት ሊዋሻት ነው። «እዚህ ነኝ እትዬ» ብቻ አላት። «አውቃለሁ» አለች። ትንሽ አለቀሰች፤ የሁለቱም ዓይኖች ልቅሶ ነበር፣ ይታወቃል።

«እናትህ ውጪ ተቀምጣለች» አለች አፍንጫዋን ከጠረገች በኋላ። «ግቢ ብላት አልገባም ብላለች። ጭንብሉን ሳጠልቅ ወጥታ ሄደች።»

«እኔ ላናግራት?»

«ተዋት፣ አንተ አትበቃም።»

ስልኩን አልዘጋችውም። ጭኗ ላይ ያኖረችው መሰለው፣ ጨርቅ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፆቹ ራቅ ብለው ይመጣሉ። ነርሷ ገብታለች። ቤት ይዛችሁት ስለምትሄዱት ሲሊንደር ላሳያችሁ አለች፣ ለእህቱ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም እህቱ እሺ አለች፣ ያኔ አክስቱ «ለእሷ አይደለም» ስትል ሰማት። «እሷ ስፌት ቤት ነው የምትውለው። ውጪ የተቀመጠችውን ጥሯት። ለእሷ አሳዪአት። እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ አያይም፣ መክፈቻውን አላገኘውም።»

ነርሷ ወጥታ ቆየች። በሩ ተከፈተ። ከዚያ የእናቱ አረማመድ፣ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ አንዱን እግር እየሳበች የምትሄደው። ማንም ሰላም አላለም፣ ማንም ይቅር አላለም። ነርሷ መናገር ጀመረች፦ ይሄ መለኪያው ነው፣ ይሄ ቱቦው ነው፣ መክፈቻው ደግሞ ይሄ፣ ወደ ግራ ሲዞር ይከፈታል፣ በኃይል አይደለም፣ ቀስ ተብሎ፣ እሳት አጠገቡ አይቀርብም። «ወደ ግራ» አለች እናቱ፣ ከአስተማሪዋ ኋላ እንደምትደግም ተማሪ። «ቀስ ተብሎ።» ብረት ሲዞር ተሰማ፣ ቀጥሎ ፉጨቱ፣ ቀጥሎ መክፈቻው ሲዘጋ።

«አወቁት እማማ?» አለች ነርሷ።

«አወቅሁት» አለች እናቱ። ከዚያ፣ «እንደገና አሳዪኝ።»